አማካሪ፣ ወኪል ወይስ ጠበቃ? ልጃቸው ለቤዝቦል ድራፍት ለደረሰ ወላጆች

እህቴ ቤት፣ ሜሪላንድ፣ እሑድ ከሰዓት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ሶፋው ጫፍ ላይ ሸሚዙ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ፣ የልጇ አማካሪ ልሁን የሚል ሰው ተቀምጦ ስለ ልጇ ግራ እጅ ያወራል። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ኳሱ ፈጣን ነው። እናቱ እንግሊዝኛው ሲፈጥንባት ወደ ልጇ ትዞራለች፤ እሱም ይተረጉምላታል። ሰውየው “የእኛ ድርሻ አምስት ከመቶ ነው” አለ። ልጁ ዞር ብሎ “ትንሽ ነገር ይወስዳሉ” አላት። ሊያታልላት አልነበረም። ወሬው እንዳይበላሽበት ሰግቶ ነው። ከጎኗ ተቀምጬ ስለነበር “አምስት ከመቶ ነው ያለው፤ ከምኑ እንደሆነ ጠይቂው” አልኳት። መልሱ “ከፊርማው ገንዘብ ላይ፣ ግብሩ ሳይነሣ” የሚል ሆነ፤ ክለቡ ልጁ ሲፈርም ከሚከፍለው ገንዘብ ማለቱ ነው።

ያን ቀን ምንም አልተፈረመም። ከዚያ በኋላ ግን እኔና እህቴ ብዙ ሰው አነጋገርን፣ ደንብ አነበብን፣ አንዱን ከአንዱ አስተያየን። አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸው ከእግር ኳስ ይልቅ ቤዝቦል የወደዱባቸው አበሾች ቁጥራቸው ብዙ ባይሆንም አሉ። በአማርኛ የሚያስረዳቸው ሰው ስለሌለ የደረስኩበትን እጽፋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ድራፍቱን በአጭሩ ላስቀምጠው። የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የአሜሪካው ከፍተኛ የቤዝቦል ሊግ ክለቦች ከ1965 ጀምሮ ወጣት ተጫዋቾችን በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ። ከ2021 ወዲህ 20 ዙር ያለው ሲሆን የሚካሄደውም በሐምሌ ወር ነው። ሃይስኩል የጨረሰ ልጅ ይመረጣል። የአራት ዓመት ኮሌጅ ከገባ ግን ሦስተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው ይጠብቃል። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሪ በየዓመቱ ሊመረጥ ይችላል። ዜግነት አይጠየቅም፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅም አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል ወይም ኮሌጅ ከተመዘገበ የሚያልፈው በዚሁ በር ነው።

የመረጠው ክለብ ብቻ ነው ሊያስፈርመው የሚችለው። ልጁ ዋጋው ካልተስማማው “አልፈርምም፣ ኮሌጅ እገባለሁ” ማለት ይችላል። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ በእጁ ያለው ኃይል ይኸው “አልፈርምም” የምትል ቃል ናት። ስለዚህ አማካሪ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት ልጁ “አልፈርምም” ሲል ይህ ሰው ምን ያገኛል፣ ምንስ ያጣል የሚለውን ነው።

አማካሪና ወኪል፦ ሰውየው አንድ፣ ደንቡ ሁለት

ብዙ ጊዜ ሰውየው አንድ ነው። ልጁ እስኪፈርም ድረስ “አማካሪ” ይባላል፤ የፈረመ ዕለት “ወኪል” ይሆናል። ልዩነቱን የፈጠረው የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ነው። በነባሩ ደንብ አማካሪ ውሉን ለቤተሰቡ ማስረዳት ይችላል። በልጁ ስም ክለቡን ማነጋገር ግን አይችልም፤ ክለቡ ዋጋ ሲያቀርብ አብሮ መቀመጥም አይፈቀድለትም። ምክሩም በነጻ መሆን የለበትም፤ ቤተሰቡ የተለመደውን ዋጋ መክፈል አለበት።

ይህ መስመር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ የአንዲ ኦሊቨር ነገር ያሳያል። በ2006 የሚኒሶታው ክለብ ትዊንስ በ17ኛው ዙር መረጠው። የክለቡ ሰዎች ኦሃዮ፣ ቨርሚሊየን ወደሚገኘው የወላጆቹ ቤት መጥተው 390,000 ዶላር አቀረቡለት። በዚያ ስብሰባ ከቤተሰቡ አማካሪ ጠበቆች አንዱ ተገኝቶ ነበር። ልጁ ገንዘቡን ትቶ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገሩም ያለፈ መሰለ። በ2008 አማካሪዎቹን ሲቀይር የቀድሞዎቹ 113,750 ዶላር ክፈል የሚል ደረሰኝ ላኩበት። ቀጥሎም ያን ስብሰባ ጠቅሰው ለኤንሲኤኤ ጻፉበት። በዚያው ዓመት ግንቦት ቡድኑ ለማጣሪያ ሲሰለፍ እሱ ታገደ። ከሰሰ፤ በየካቲት 2009 የኦሃዮ ዳኛ ፈረደለት፤ በጥቅምት ኤንሲኤኤ 750,000 ዶላር ከፍሎት ነገሩ በስምምነት አለቀ። የዳኛው ውሳኔ ግን ከስምምነቱ ጋር ስለተሻረ ከእሱ በኋላ ለመጡት ልጆች ጋሻ አልሆነም።

እኔን ያስደነገጠኝ የደረሰኙ ነገር ነው። ያን ልጅ ያሳገደው ወረቀት የወጣው ከራሱ አማካሪዎች እጅ ነው። ውል ስታዩ “ብንለያይ ምን እከፍላለሁ?” የሚለው ጥያቄ ከኮሚሽኑ መጠን እኩል ይመዝናል።

የኦሬገን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፒቸር ቤን ዌትዝለር ደግሞ በ2013 በፊላደልፊያው ክለብ በአምስተኛው ዙር ተመርጦ ሳይፈርም ወደ ኮሌጁ ተመለሰ፤ ከክለቡ ጋር ሲደራደር ወኪል አብሮት ነበር ተብሎ በ2014 ለ11 ጨዋታ ታገደ። ጥቆማው ከክለቡ እንደመጣ በወቅቱ ተዘግቦ ነበር። ስልክ ላይ ጨዋ ሆኖ የሚያወራችሁ የክለብ መልማይ ወዳጅ ቢመስልም የሚሠራው ለክለቡ ነው።

በ2016 አምስቱ ትልልቅ ኮንፈረንሶች፣ ማለትም አብረው የሚወዳደሩ የኮሌጆች ማኅበራት፣ ደንቡን አላሉት። ከሃይስኩል የተመረጠ ልጅ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ወኪል ይዞ እንዲደራደር ተፈቀደለት። ካልፈረመ ግን ከወኪሉ ጋር ያለውን ግንኙነት ማቋረጥ አለበት፤ ለአገልግሎቱም ይከፍላል። የኮሌጅ ስፖርት ደንብ በዚህ ዘመን በፍጥነት ይቀያየራል። ስለዚህ ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ልጁ ሊገባበት ቃል ለገባበት ኮሌጅ ኮምፕላያንስ ቢሮ (ደንብ መከበሩን ለሚከታተለው ክፍል) በኢሜይል ጻፉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም።

ለመሆኑ የሚደራደሩት ስለምን ነው?

አማራጮቹን ከማስተያየታችን በፊት የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ። በ2009 የመጀመሪያው ተመራጭ ስቲቨን ስትራስበርግ በወኪሉ በስኮት ቦራስ አማካይነት ከዋሽንግተን ናሽናልስ ጋር የአራት ዓመት 15.1 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። የፈረመው ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት ሲበልጥ ቀርቶት ነው። ያኔ የወኪል ጉልበት ይታይ ነበር። ከ2012 ጀምሮ ግን በመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች እያንዳንዱ ተራ የተተመነ ዋጋ አለው። የአንድ ክለብ ተራዎች ዋጋ ተደምሮ የክለቡ ቋት ይሆናል። ከቋቱ ከአምስት ከመቶ በላይ ያለፈ ክለብ የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣል። በ2023 አንደኛ የተመረጠው ፖል ስኪንስ የፈረመው በ9.2 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለተራው የተተመነው ዋጋ ከዚያ ይበልጥ ነበር።

ቋት ሲኖር ድርድሩ ከድራፍቱ በፊት ወደነበሩት ሳምንታት ይሸሻል። መልማዩ ደውሎ “ቁጥራችሁ ስንት ነው?” ይላል። ከአንዱ ተጫዋች የቆጠበውን ለሌላው ይጨምራል። የወኪል እውነተኛ ችሎታ እዚህ ላይ ይለካል፤ የትኛው ክለብ የተረፈ ገንዘብ አለው፣ የትኛውስ ቃሉን ይጠብቃል የሚለውን ማወቅ ነው። ልጁ ሦስተኛ ዙር ውስጥ ይገባል ተብሎ ከተገመተ ይህ እውቀት ገንዘብ ያመጣል። ከአሥረኛው ዙር በኋላ ከሆነ ግን እስከ 150,000 ዶላር ያለው ክፍያ ከቋቱ ስለማይቆጠር ክለቡ ብዙ አይከራከርም፤ ተጫዋቹ ሜጀር ሊግ እስኪደርስ የሚጫወትበት የታችኛው ሊግ ውልም ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅጽ ነው። የሚቀየረው የፊርማው ገንዘብ፣ የሚከፈልበት ጊዜና ክለቡ ለልጁ ኮሌጅ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ ነው።

በሰዓት የሚከፈለው ጠበቃ

እኔ ለብዙ ቤተሰብ የምመርጠው ይህን ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ስሌቱን አንድ ምሽት ከልጁ ጋር ወረቀት ላይ ሠራነው። ክለቡ 400,000 ዶላር ቢሰጥ፣ አምስት ከመቶው 20,000 ነው፤ ሦስት ከመቶው 12,000። በሰዓት 400 ዶላር የሚያስከፍል ጠበቃ አሥራ አምስት ሰዓት ቢሠራ 6,000 ይሆናል። ልጁ ቁጥሮቹን እያየ “ጋሼ፣ ጠበቃውኮ ባልፈርምም ያስከፍለኛል” አለኝ። ትክክል ነው፤ የጠበቃው መልካምነትም ከዚሁ ይነሣል። ልጁ ፈረመም፣ ኮሌጅ ገባም ያው ስድስት ሺህ ነው። አንዱን መንገድ ከሌላው የሚያስወድድ ነገር የለበትም። የኮሚሽን ሰው ግን ልጁ ኮሌጅ ከገባ በዚያ ዓመት የሚያገኘው ነገር የለም።

ኮሚሽን የሚቆረጠው ከጠቅላላው ገንዘብ ነው፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ተቀጣሪ ተጫዋች ለወኪል የከፈለውን ከፌዴራል ግብሩ ላይ መቀነስ አይችልም። ስለዚህ 20,000 ዶላሩ የሚወጣው ግብር ከተከፈለበት ኪስ ነው።

የጠበቃው ጉድለት የቤዝቦልን ገበያ አለማወቁ ነው። የቤት ሽያጭ ውል የሚያዘጋጅላችሁ፣ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን የጨረሰላችሁ ጠበቃ ምንም ያህል ቢታመን ለዚህ ሥራ አይበቃም። የድራፍት ውል አንብቦ የሚያውቅ፣ የኤንሲኤኤን ደንብ የሚያውቅ ጠበቃ ፈልጉ። የት አይበቃም? ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዙሮች ይገመታል ከተባለ፣ በስልክ አሥር ክለብ የሚያነጋግር ሰው ያስፈልጋል።

ትንሽ ድርጅትና ትልቅ ድርጅት

ከትልልቆቹ የወኪል ድርጅቶች ቦራስ ኮርፖሬሽን፣ ሲኤኤ፣ ዋሰርማን፣ ኤክሴል ስማቸው የታወቀ ነው። መረጃቸው ሰፊ ነው፤ ክለቦቹ ስልካቸውን ያነሣሉ። ሦስት ዓመት መታገሥም ይችላሉ፦ ልጁ ኮሌጅ ሄዶ ዋጋው ቢያድግ እነሱም ያድጋሉ፤ ስለዚህ “ኮሌጅ ግባ” ማለት አይከብዳቸውም። የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። የእናንተ ልጅ ስምንተኛ ዙር ከሆነ፣ በዚያው ሳምንት ድርጅቱ የመጀመሪያ ዙር ልጆችም አሉት። ቤታችሁ የመጣው ታዋቂው ሰው በድራፍቱ ምሽት ስልክ የሚያነሣላችሁ ሰው ላይሆን ይችላል። “ያን ምሽት የማን ስልክ ላይ ነው የምደውለው?” ብላችሁ ጠይቁና ያንን ሰው ቤታችሁ አምጡት።

ትንሹ ድርጅት ይደውላል፣ ጨዋታ ያያል፣ የልጁን ታናሽ እህት ስም ያውቃል። አንዳንዱ ግን የዚህ ዓመት ኮሚሽን የዚህ ዓመት ቤት ኪራዩ ነው። ይህ ክፉ ሰው አያደርገውም፤ ምክሩን ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነብለዋል። በታችኛው ሊግ ደመወዝ ላይ ወኪሎች አብዛኛውን ጊዜ ኮሚሽን ስለማይወስዱ፣ ልጁ ሜጀር ሊግ እስኪደርስ ድረስ የሚያገኙት ከፊርማው ብቻ ነው። በ2023 በወጣው የሠራተኛ ስምምነት የመጨረሻው እርከን ደመወዝ በዓመት 19,800፣ የላይኛው ትሪፕል ኤ ደግሞ 35,800 ዶላር ነበር። ልጁም ወኪሉም ለዓመታት የሚኖሩት በዚያች የፊርማ ገንዘብ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በሁለቱም ዘንድ ስለ ሕክምና ምርመራ ጠይቁ። በ2014 የሂውስተኑ አስትሮስ አንደኛ የመረጠው ብሬዲ ኤይከን በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ነበር፤ ክለቡ የክርኑን ምስል አይቶ ዋጋውን ቀነሰ፤ ሳይፈራረሙ ቀነ ገደቡ አለፈ። የእሱ ተራ ዋጋ ከቋቱ ሲወጣ ጄኮብ ኒክስ የተባለ የዚያው ክለብ ሌላ ተመራጭም የተስማማበትን 1.5 ሚሊዮን አጣ። ኤይከን በሚቀጥለው ዓመት ክርኑ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ በ2015 ክሊቭላንድ በ17ኛ ተራ ወሰደው። በ2021 ደግሞ ኩማር ሮከር ከኒው ዮርኩ ክለብ ከሜትስ ጋር በ6 ሚሊዮን ተስማምቶ ከምርመራው በኋላ ሳይፈርም ቀረ። አሁን ከድራፍቱ በፊት ሊጉ ለሚያዘጋጀው ምርመራ የሚቀርቡ ከፍተኛ ተመራጮች ቢያንስ የተራቸው ዋጋ 75 ከመቶ እንዲቀርብላቸው ዋስትና አላቸው። ሰውየውን “የልጄን ኤምአርአይ ማን ያያል? መቼ?” በሉት። መልሱ ከተድበሰበሰ ሥራውን አያውቀውም።

አሠልጣኙ፣ የኤንአይኤል ወኪሉ፣ ወይስ ማንም?

በበጋ ውድድር ልጁን ይዞ የሚዞረው አሠልጣኝ ብዙ ጊዜ ውለታው ከባድ ነው፤ በእኛ ባህል ውለታ የዋለን ሰው አለመስማት ነውር ይመስላል። ስለ ልጁ ችሎታ ጠይቁት፣ ስሙትም። ስለ ገንዘብ ግን አይደራደርላችሁ። ወደ አንድ ድርጅት ከመራችሁም “ከዚያ የምታገኘው ነገር አለ?” ማለት መብታችሁ ነው።

ከሐምሌ 2021 ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፤ ለዚህም ኤንአይኤል የሚባለውን ሥራ የሚሠራለት ወኪል መያዝ ይፈቀድለታል። ይህ ፈቃድ የድራፍት ድርድርን አይጨምርም። አንድ ሰው ሁለቱንም ልሥራ ካለ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ይሁኑ።

ያለ ማንም መሄድስ? የኮሌጅ አራተኛ ዓመቱን የጨረሰ ልጅ ከሆነ ይቻላል። “እመለሳለሁ” የሚልበት ኮሌጅ ስለሌለው ክለቦች ብዙ ጊዜ ጥቂት ሺህ ዶላር ብቻ ነው የሚያቀርቡለት። ከ10,000 ዶላር ላይ ኮሚሽን የሚያስቆርጥ ሥራ የለም፤ ውሉን ለሁለት ሰዓት ጠበቃ ያንብበውና ይበቃል። ለሃይስኩል ልጅ ግን አልመክርም።

ወረቀቱ

የስፖርት ወኪሎች ሕግ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አለ። ወኪሉ በክፍለ ግዛቱ መመዝገብ አለበት፤ ውሉ ላይ ተማሪው የኮሌጅ ስፖርት መብቱን ሊያጣ እንደሚችል በጉልህ መጻፍ አለበት። ከፈረማችሁ በኋላም በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። ወኪልነት ውል ከተፈረመ በ72 ሰዓት ውስጥ ለትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ መነገር አለበት። ሰውየው በሜጀር ሊግ ተጫዋቾች ማኅበር የተመሰከረለት መሆኑንም አጣሩ። “አማካሪ” የሚል የስም ካርድ ብቻውን የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ጓንት፣ ጫማ፣ የአውሮፕላን ቲኬት በስጦታ ካመጣላችሁ፣ ከመፈረም በፊት የተቀበሉት ስጦታ ጣጣ ስለሚያመጣ በትሕትና መልሱለት።

አስተርጓሚም ይኑራችሁ። ልጁ አይሁን፤ እናትና አባት የሚፈርሙበትን ነገር ገንዘቡን የሚጓጓው ልጅ ራሱ ሊተረጉም አይገባም። ዘመድ ካልተገኘ ለአንድ ሰዓት ተርጓሚ መቅጠር ከማንኛውም ወጪ ይረክሳል።

እህቴ ሁለተኛውን ስብሰባ ያደረገችው እኔ እየተረጎምኩላት ነው። ልጁ ዝም ብሎ ይሰማል። ሰውየውን “ገንዘብ ቀርቦለት አንተ ኮሌጅ ግባ ብለህ የመከርከው ልጅ አለ?” አለችው። “አሉ” አለ። “የአንዱን እናት ስልክ ስጠኝ።” ሰጣት። ከሁለት ቀን በኋላ በእኔ አስተርጓሚነት አርባ ደቂቃ ያህል አወሩ፤ ሌላኛዋ እናት ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣች ናት፤ ስለ ልጇ እግርና ስለ ምግቡ ሳይቀር አጫወተቻት። ሌላ ሰው ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ሲጠየቅ ስለ አስፈራረሟቸው ልጆች ብቻ አወራ። እሱን አልመለሰችውም።

ከዚያ ሦስታችን ቁጥሩን አወጣን። ኮሌጁ የሰጠው ስኮላርሺፕ ከወጪው ስንት ከመቶ እንደሚሸፍን በደብዳቤ አስመጣን። ቀድሞ አንድ የዲቪዚዮን አንድ (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን) ቤዝቦል ቡድን 11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ለሁሉም ያከፋፍል ነበር፤ በ2025 ከጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት በኋላ የተቀላቀሉት ኮሌጆች 34 ተጫዋች ይዘው ለሁሉም መስጠት ይችላሉ። ስለዚህ “ሙሉ ነው” የሚለውን ወሬ ሳይሆን ወረቀቱን ማየት ያስፈልጋል። ቀሪውን ወጪ አስላን፤ ግብሩን ቀነስን፤ በታችኛው ሊግ አምስት ዓመት ቢቆይ የሚጎድለውን ጨመርን። ክለቡ በውሉ የኮሌጅ ክፍያ እንዲጽፍለት የሚጠየቀውንም ለብቻው አሰፈርን፤ ያ ገንዘብ እንዲከፈል ልጁ መጫወት ባቆመ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት መጀመር እንዳለበት ከጎኑ ጻፍን።

የመጨረሻውን ቁጥር የጻፈው ልጁ ነው። እናቱ አንድ ጊዜ አስጨምራዋለች። ከሥሩ ቀን አስፍረው ሁለቱም ፈረሙበት፤ ስልክ ሲደወል የሚነገረው እሱ ነው። ወረቀቱ ከፍሪጁ በር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የቀን መቁጠሪያ አጠገብ ተለጥፏል።